ለስላሳ የአበባ ሽቶን ከመግዛትዎ በፊት አሽትቶ መመርመር

ለስላሳ የአበባ ሽቶ በመጀመሪያው ርጭት ሊመዘን አይገባም። ቅመም የበዛበት ወይም እንጨት እንጨት የሚሸት ሽቶ ከብልቃጡ እንደወጣ ማንነቱን ያሳውቃል፤ ይኸኛው ግን ቀስ ብሎ የሚገለጥ በመሆኑ፣ ገዢው ሱቅ ውስጥ ቆሞ በ5 ደቂቃ የሚሰጠው ፍርድ ብዙውን ጊዜ አበባውን አይመለከትም፤ በዚያን ጊዜ አፍንጫው የሚያገኘው በአብዛኛው አልኮሉንና ከሎሚ ወገን የሆኑትን ቀላል ዘይቶች ነውና።

ስለዚህ ለሙከራው ግማሽ ቀን ይመድቡ። ክንድዎን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥበው ያድርቁ፤ መዓዛ ያለው ቅባትም ለዚያ ቀን ይቅር። በአንድ ክንድ ላይ አንድ ሽቶ ብቻ፣ ከ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት፣ አንድ ጊዜ ይርጩ። በመሞከሪያ ወረቀት ላይም ጥቂት ይርጩ፤ ወረቀቱ እንደ ቆዳ ሙቀትና ወዝ ስለሌለው፣ ሽቶው በእርስዎ ላይ ምን ያህል እንደተለወጠ ለማነጻጸር ይረዳል። አንጓን ከአንጓ ጋር ማሸት ሽቶውን «ይሰብረዋል» ሲባል ይሰማል። ሞለኪውል በእጅ ፍትጊያ አይሰበርም፤ ሆኖም ፍትጊያው ቆዳውን አሙቆ የመግቢያውን መዓዛ ቶሎ ስለሚያባርረው ልማዱን መተው ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ቤርጋሞት (ከሎሚ ወገን የሆነ ፍሬ) እና ሎሚ መጥተው ይሄዳሉ። በዚህ ደረጃ ልብ ሊሉት የሚገባው አልዲሃይድ የሚባሉ የሽቶ ንጥረ ነገሮች መኖር አለመኖራቸውን ነው፤ ሽቶ ቀማሚው ኧርነስት ቦ እ.ኤ.አ. በ1921 ለገበያ በቀረበው ሻኔል ቁጥር 5 ውስጥ በብዛት የተጠቀመባቸው እነዚህ ንጥረ ነገሮች ገና የተተኮሰ ነጭ ጨርቅን፣ ሳሙናን ወይም አሁን እፍ ተብሎ የጠፋ ሻማን ያስታውሳሉ።

ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ የሽቶው ልብ፣ ማለትም አበባው የሚሰማበት መካከለኛው ደረጃ፣ ይከፈታል፤ ለጥቂት ሰዓታትም ይቆያል። በየግማሽ ሰዓቱ አፍንጫዎን ወደ ክንድዎ ጠጋ አድርገው በአጭሩ ያሽትቱ፤ የተሰማዎትንም በአንድ መስመር ይጻፉ። ጽጌረዳው ውኃ የነካው ቅጠል ይመስላል ወይስ ወደ ማር ያደላል? ጃስሚን ካለ፣ በተፈጥሮው ኢንዶል የሚባል ንጥረ ነገር ይይዛል፤ ኢንዶል ሲበዛ የልብስ ብል መከላከያ ኳስን ያስታውሳል፤ በጥቂቱ ሲሆን ግን ለአበባው ሕይወት ይሰጠዋል፤ በለስላሳ ሽቶ ውስጥ ከኋላ ሆኖ መሰማት አለበት። ፈረንሳዮች ሙጌ የሚሉት ደወል መሰል ነጭ አበባ ደግሞ ለሽቶ የሚበቃ ዘይት ስለማይወጣው፣ ጠረኑ በቀማሚው እጅ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች የተሠራ ነው። የፊት ፓውደር የሚመስል ደረቅና ቀዝቃዛ ሽታ ከተሰማዎት አይሪስ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም የሚገኘው ከአበባው ሳይሆን ተቆፍሮ ከደረቀ በኋላ ለዓመታት ከሚቀመጠው ሥሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የቫዮሌት አበባን መዓዛ የሚሰጡት አዮኖን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አፍንጫን ለጊዜው ያደነዝዛሉ፤ አንዳንድ ሰዎችም ማስክ የሚባለውን የሽቶ መሠረት የሆነ ንጥረ ነገር፣ የተወሰኑ ዓይነቶቹን ጭራሽ አያሸቱም። ስለዚህ «ሽቶው ጠፋ» ብለው ደግመው ከመርጨትዎ በፊት ወደ ንጹሕ አየር ወጥተው ጥቂት ይቆዩ፤ ሲመለሱም በክንድ ርቀት የቆመ ሌላ ሰው ይጠይቁ። ራሳቸው ማሽተት ስላቃታቸው ብቻ አምስት ስድስት ጊዜ የሚረጩ ሰዎች፣ ለሌላው ከለስላሳነት ያለፈ ሽቶ እንደሚያሸክሙ አይታወቃቸውም።

ማምሻውን የሚቀረው መሠረቱ፣ ማለትም የሽቶው የመጨረሻ ደረጃ፣ ነው፤ ማስክ፣ ሰንደልና ቫኒላ እዚህ ይገኛሉ። ቆዳዎ ደረቅ ከሆነ መዓዛው ቶሎ ሊደክም ስለሚችል፣ በሌላ ቀን ሽታ የሌለው ቅባት ተቀብተው ይድገሙት። በእኔ አስተያየት ለግዢው የሚበጀው ማስረጃ በማግስቱ ጠዋት እጅጌ ላይ የሚገኘው ነው፤ አበባው ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ጣፋጭ ቫኒላ ብቻ ከቀረ፣ የሚገዙት የአበባ ሽቶ ሳይሆን በአበባ የተሸፈነ ቫኒላ ነው፤ የጽጌረዳው ጥላ ከማስኩ ጋር አብሮ ካደረ ግን ብልቃጡን ያለ ስጋት ይግዙት፤ ከብርሃንና ከሙቀት አርቀውም ያስቀምጡት።