ጣት የሚያቆስል ጊታር፦ ሳድሉን (የክሮቹን ማረፊያ) ከመሞረዳችሁ በፊት

«ኤፍ ኮርድ አልያዝ አለኝ፤ ጣቴ ቆሰለ።» ጎንደር ውስጥ ጊታር ከሚጀምሩ ልጆች ደጋግሜ የምሰማው ይህንን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጣታቸው አይደለም። ክሩ ከፍ ብሎ ነው።

መጀመሪያ ጊታሩን በደንብ ቃኙት፤ ክሩ ከላላ ልኩ ያታልላል። ከዚያ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች 12ኛው) ላይ የብረት ማስመሪያ አቁሙ። የተማሪ ማስመሪያ አይሆንም፤ ዜሮው ከጫፉ ገባ ብሎ ነው የሚጀምረው። የብረት ክር ላለው ጊታር ወፍራሙ ክር ከፍሬቱ 2.5፣ ቀጭኑ 2 ሚሊሜትር ግድም ቢርቅ ጥሩ ነው።

ከዚህ በላይ ከሆነ አንገቱን ፈትሹ። 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) እሰሩ፣ 14ኛው ላይ ወፍራሙን ክር በጣት ተጫኑ። 7ኛው ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ሁለት የፎቶ ኮፒ ወረቀት ልክክ ብሎ ከገባ አንገቱ ደህና ነው። ክፍተቱ ከሰፋ አንገቱ ጎብጧል። ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት) በአለን ኪይ፣ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ሩብ ዙር ብቻ አጥብቁ። ቃኙና እንደገና ለኩ። ጠንክሮ እምቢ ካለ ተዉት፤ ከተሰበረ ቤት ውስጥ አይጠገንም።

የሚያስቸግራችሁ 1ኛው ፍሬት አካባቢ ብቻ ከሆነ የነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበት ቁራጭ) ቦይ አልጠለቀም ማለት ነው። ይህን ቀጭን ሞረድ ላለው ባለሙያ ስጡ። ትንሽ ካለፈ ያልተያዘው ክር «ዝዝዝ» ማለት ይጀምራል።

አንገቱም ነቱም ደህና ሆነው ክሩ ከፍ ካለ ግን ሥራው ሳድሉ ላይ ነው፤ ብሪጁ (የጊታሩ ሆድ፣ ማለትም የፊት ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው እንጨት) ውስጥ የተሰካው ቀጭን ቁራጭ ነው። 12ኛው ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ለማውረድ ከሳድሉ ሥር እጥፉ፣ ማለትም 1 ሚሊሜትር ይነሳል። በእርሳስ አስምሩ። ብርጭቆ ወረቀቱን መስታወት ላይ ዘርጉና ሳድሉን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ፈግፍጉ። ሥሩ ከተንጋደደ ድምፁ ይሞታል። ብሪጁ ከኋላው ተነስቶ ወረቀት የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ሳድሉን አትንኩ፤ ክሮቹን አላሉና ጊታሩን ለጠጋኝ ውሰዱት።

ወሩንም እዩ። እኔ የመጀመሪያ ጊታሬን የሞረድኩት ነሐሴ ላይ ነበር። ዝናቡ ቀን ከሌት ይወርዳል፤ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ሆዱ ተነፍቷል፤ ብሪጁም አብሮት ከፍ ብሏል። ያንን አላወቅኩም። 1 ሚሊሜትር አነሳሁና ደስ ብሎኝ ተጫወትኩ። ለጥምቀት አየሩ ደረቀ፣ ሆዱም ወረደ። ከተማው በእንግዳ ተሞልቶ ጊታሬን ሳወጣ ክሩ ሁሉ ፍሬት እየነካ «ዝዝዝ» አለ። በጣም ነበር ያዘንኩት። የማይሠራ የባንክ ካርድ በሳድሉ ልክ ቆርጬ ከሥሩ አስገባሁና ድምፁ ተመለሰ።

አሁን ሁለት ሳድል አለኝ። ዝቅ ያለውን ሰኔ መጨረሻ ላይ አስገባለሁ፤ ከፍ ያለውን ኅዳር ሲገባ እመልሳለሁ።