የዲዝኒ ታይምሼርን ከሁለተኛ እጅ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታይምሼር ማለት የማረፊያ ቦታን ከሌሎች ጋር በጋራ የመጠቀም ድርሻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የተቋቋመው የዲዝኒው ታይምሼር፣ ዲዝኒ ቬኬሽን ክለብ፣ ለአባላቱ የሚሸጠው በሪዞርቶቹ ክፍል የሚያዝበት፣ በየዓመቱ የሚታደስ የነጥብ ድርሻ ነው። ድርሻው ከአንድ የተወሰነ ሪዞርት ጋር የተያያዘ የባለቤትነት ሰነድ ስላለው ባለቤቱ ሲፈልግ ለሌላ ሰው ሊሸጠው ይችላል፤ ዋጋውም በቀጥታ ከኩባንያው ከሚገዛው ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። የረከሰበት ምክንያት ግን አለ፤ ያንን ምክንያት ሳይመረምሩ መፈረም ከዚህ በታች ለተጠቀሱት ስህተቶች አብዛኞቹ በር ይከፍታል።

ከሁሉም የከበደው ስህተት የሻጩ መብት እንዳለ ወደ ገዢው ይተላለፋል ብሎ ማሰብ ነው። ኩባንያው ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከጃንዋሪ 19 ቀን 2019 ወዲህ ከሁለተኛ እጅ የተገዛ የቀድሞዎቹ 14 ሪዞርቶች ነጥብ ሪቪዬራ በተባለው ሪዞርትም ሆነ ከእሱ በኋላ በመጡ እንደ ዲዝኒላንድ ሆቴል ቪላዎች ባሉ ሪዞርቶች ክፍል ለመያዝ አያገለግልም። ከሁለተኛ እጅ የተገዛ የሪቪዬራ ነጥብ ደግሞ ከሪቪዬራ ውጭ የትም አይሠራም። ሻጩ «እኔ በፈለግሁት ሪዞርት አርፋለሁ» ቢል ላይዋሽ ይችላል፤ ከኩባንያው በቀጥታ የገዛ ወይም ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የገዛ ሰው ሰፋ ያለ መብት አለውና። ይሁን እንጂ መብቱ የእሱ እንጂ የውሉ አይደለም። ሪቪዬራን በቀጥታ ከኩባንያው ለመግዛት የሚያስብ ሰውም ይህንን ማመዛዘን ይኖርበታል፤ ነገ ልሽጥ ቢል ገዢው ይኸው ገደብ ይጠብቀዋል፣ ገደቡም በዋጋው ላይ መንጸባረቁ አይቀርም።

ሁለተኛው ስህተት የአንዱን ነጥብ ዋጋ ብቻ እያዩ ሪዞርቶችን ማወዳደር ነው። ገዢው ከመግዣው ዋጋ በተጨማሪ ውሉ እስኪያበቃ ድረስ በየዓመቱ በነጥብ ልክ የሚሰላ የጥገናና የአስተዳደር ክፍያ ይከፍላል፤ ክፍያው ከሪዞርት ሪዞርት ይለያያል፣ በየጊዜውም ይጨምራል። ለምሳሌ አንዱ ሪዞርት በነጥብ 60 ዶላር ተሽጦ ዓመታዊ ክፍያው 12 ዶላር ቢሆን፣ ሌላው ደግሞ 100 ዶላር ተሽጦ ክፍያው 8 ዶላር ቢሆን፣ 150 ነጥብ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያው ላይ 6,000 ዶላር ያተረፈ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በየዓመቱ 600 ዶላር ተጨማሪ ስለሚከፍል ትርፉ በአሥር ዓመት ውስጥ ያልቃል። በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ የሚገኘው ቬሮ ቢች በርካሽ የሚሸጠው በከፊል ዓመታዊ ክፍያው ከፍተኛ ስለሆነ ነው። የውሉ ማብቂያም በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት፦ የቬሮ ቢችና የቢች ክለብ ውሎች በጃንዋሪ 2042 ያበቃሉ፤ የሳራቶጋ ስፕሪንግስ በ2054፣ የሪቪዬራ ደግሞ በ2070። ዋጋውን ለቀሩት ዓመታት አካፍሎ ዓመታዊውን ክፍያ የደመረ ሰው፣ ርካሽ ያለው ውል ውድ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። የሚያርፍበትን ሪዞርት ብዙም ለማይመርጥ ሰው ሳራቶጋ ስፕሪንግስ ሚዛናዊ ምርጫ ይመስለኛል።

ብዙ ለሚመርጥ ሰው ግን ሌላ ስህተት አለ፤ እሱም «በአንዱ ገዝቼ በሌላው አርፋለሁ» የሚለው ነው። ባለቤቱ በገዛበት ሪዞርት ክፍል መያዝ የሚችለው ከሚያርፍበት ቀን 11 ወር በፊት ጀምሮ ሲሆን በሌሎቹ ግን ከ7 ወር በፊት ጀምሮ ብቻ ነው። በአራቱ ወራት ልዩነት ውስጥ ተፈላጊዎቹ ክፍሎች በበዓላት ሰሞን ሊያልቁ ይችላሉ፤ በተለይ በአኒማል ኪንግደም ሎጅ ያሉት ቁጥራቸው ጥቂት የሆነ አነስተኛ ነጥብ የሚጠይቁ ክፍሎች 7 ወር ሲቀረው ይገኛሉ ተብሎ አይጠበቅም።

የነጥቡን ይዞታ ሳያጣሩ ዋጋ መስማማትም ገንዘብ ያስከፍላል። እያንዳንዱ ውል የራሱ የአጠቃቀም ዓመት፣ ማለትም ነጥቡ ከሚታደስበት ወር የሚጀምር የ12 ወር ጊዜ፣ አለው፤ ባለቤቱም ነጥቡን ወደሚቀጥለው ዓመት ማሸጋገር ወይም ከመጪው ዓመት መበደር ይችላል። ሻጩ የመጪውን ዓመት ነጥብ አስቀድሞ ተጠቅሞበት ከሆነ ገዢው ለረጅም ጊዜ ባዶ ውል ይዞ ይቆያል። ለማሸጋገር ያለው ጊዜ ደግሞ የአጠቃቀም ዓመቱ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት ስለሆነ፣ ውሉ በስሙ ሳይዛወር ጊዜው ያለፈበት ገዢ የተገዛው ነጥብ ሳይጠቀምበት ሊቃጠልበት ይችላል።

ኩባንያው በተስማማችሁበት ዋጋ ውሉን ራሱ የመግዛት የቀዳሚነት መብት አለው። በመብቱ ይጠቀም እንደሆነ የሚሰጠው መልስ ሳይመጣና ነጥቡ በስምዎ ሳይመዘገብ የአውሮፕላን ትኬት አይቁረጡ።

በመጨረሻም፣ ክፍያውን በቀጥታ ለሻጩ አይላኩ። ገንዘቡን በአደራ የሚይዝና የስም ዝውውሩን የሚፈጽም ፈቃድ ያለው ድርጅት መካከል ይግባ፤ በውሉ ላይ ያልተከፈለ ብድር ወይም የተጠራቀመ ዓመታዊ ክፍያ አለመኖሩንና የቀረውን የነጥብ ብዛት ከክለቡ በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ የያዝነውን ዓመት ክፍያ ማን እንደሚሸፍንም በሽያጭ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።