የቆሰሉ አገልጋዮችን ስታማክሩ እነዚህን አትሳሳቱ

ልባቸው የቆሰለ ካህን ወይም ፓስተር ሲመጡ መጀመሪያ የምሰማው ስለ ምእመናኑ ነው። “ያጎረስኳቸው ነከሱኝ” ይላሉ። ቁስሉ እውነት ነው። ለምን ይህን ያህል ጠልቆ እንደገባ የሚገባን ግን ብዙ ጊዜ ያደጉበት ቤት ሲታይ ነው። አዲስ አማካሪዎች እዚህ ላይ ሲሳሳቱ ደጋግሜ አይቻለሁ።

“ይልቀቁ፣ ሌላ ቦታ ያገልግሉ” ማለት። እባካችሁ ለዚህ ምክር አትቸኩሉ! አንድ ፓስተር ሁለት አጥቢያ ጥለው፣ ሦስተኛውን ሊለቁ ሲሉ መጡ። ሁልጊዜ የሚጋጩት ከሽማግሌዎች ሰብሳቢ ጋር ነው። ስለ ሰብሳቢው የነገሩኝ ቀደም ብለው ስለ አባታቸው የነገሩኝን ነበር፦ “አመስግኖኝ አያውቅም።” ከአባታቸው ጋር ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ መሬይ ቦወን ይህን “ስሜታዊ መቆራረጥ” ይሉታል። መራቅ እሳቱን ያዳፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ሰው ፍሙን ይዞት ይሄድና አዲሱ ቦታ ላይ ይነድዳል። “ይልቀቁ” ስትሉ የሚቀጥለውን ጠብ እየመረቃችሁ ነው። ድብደባ ወይም ሌላ ጥቃት የነበረበት ቤት ግን የተለየ ነው። እዚያ መራቅ ራስን መጠበቅ ነው፤ ተመለሱ አትበሉ።

የቤተሰቡን ካርታ፣ ማለትም የትውልዱን ዝምድናና ግንኙነት የምንስልበትን ሥዕል፣ የክስ መዝገብ ማድረግ። ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ የምንሄደው ጥፋተኛ ለመፈለግ ሳይሆን፣ ለምሳሌ የአገልጋዩ እናትም ጭንቀቷን ከማን እንደወረሰች ለማየት ነው።

ሦስተኛ ሰው መሆን። ሁለት ሰዎች መሃል ነገር ሲከር ሦስተኛ ሰው ይስባሉ። ከማገኛቸው አገልጋዮች ብዙዎቹ በእናትና በአባት መሃል አስታራቂ ሆነው ያደጉ ናቸው። ራቢ ኤድዊን ፍሪድማን እንዳስተማሩት አገልጋይ በአንድ ጊዜ ሦስት ቤተሰብ ውስጥ ይኖራል፦ የምእመናኑ ቤተሰቦች፣ ጉባኤው ራሱ፣ የገዛ ቤቱ። የአንዱ ውጥረት ወደ ሌላው ይሻገራል። እኔም ወድቄበታለሁ። አንድ ካህን ስለ ባለቤታቸው ሲያማርሩ ለወራት አዳመጥኩ። እሳቸው ቀለል ብሏቸው ይሄዳሉ፤ ባለቤታቸው ግን አንዲት ቃል አልሰሙም። ሦስተኛው ሰው እኔ ነበርኩ።

አገልጋዩ እንቅልፍ ካጡ ወይም መኖር ካስጠላቸው ሐኪም ይቅደም፤ ካርታው ይደርሳል።

የተማሩትን ይዘው ወላጆቻቸውን እንዲተነትኑ መላክ። በፍጹም! ጠያቂ ሆነው ይሂዱ። እኚያ ፓስተር ለአባታቸው ሲደውሉ ጠቡን አላነሱም። አያታቸው ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ብቻ ጠየቁ። አባትየው ትንሽ ዝም ብለው “እኔንም አመስግኖኝ አያውቅም” አሉ። የመልቀቂያው ደብዳቤ እስካሁን አልገባም።