ባለቤታችሁ ኬሞ ሲጀምር ቤቱን እንዴት ማስኬድ ይቻላል

ባለቤቴ ለጡት ካንሰር ኬሞ ልትጀምር ስትል ቀድሞ ያስጨነቀኝ መድኃኒቱ አልነበረም። የልጆቹን ምሳ ነገ ጠዋት ማን ይቋጥራል የሚለው ነበር። በዚያ ሰዓት ይህን ማሰቤ አሳፍሮኝ ነበር፤ አሁን አያሳፍረኝም። ሰው ታመመ ተብሎ ትምህርት ቤት አይዘጋም፣ የቤት ኪራይም አይቀርም። ስምንት ዙር ካለፍን በኋላ የገባኝን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ። ብዙ የኬሞ ዓይነቶች በየ21 ቀኑ ይሰጣሉ። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሚሰጥም ስላለ የእናንተን ሐኪሙን ጠይቁ። እኛ ከልጃችን ደብተር አንድ ገጽ ቀድደን 21 ሳጥን አሰመርንና ፍሪጁ ላይ ለጠፍነው። የመጀመሪያዎቹን 6 ቀናት ቀይ ቀባናቸው፤ የማቅለሽለሽና የድካም ቀናት ናቸው። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቢጫ። በእነዚህ ቀናት ነጭ የደም ሴል በጣም ስለሚወርድ ኢንፌክሽን ያሰጋል። የቀረው አረንጓዴ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ በዚያች ወረቀት ተመራ። የወላጆች ስብሰባ፣ ልደት፣ ዘመድ ጥየቃ ወደ አረንጓዴ ተገፋ። ከሥራ የምቀረው በቀይ ቀን ሆነ። የሰባት ዓመቷ ልጃችን ጠዋት ስትነሳ «አባ፣ ዛሬ ምን ቀለም ነው?» ትለኛለች። እናቷ ላይ የምትዘልበትንና ቀስ ብላ ሥሯ የምትተኛበትን ቀን በዚያ ለየች። ለልጆች አትደብቁ። በሹክሹክታ ከምታስፈሯቸው፣ «እማ ታማለች፣ መድኃኒቱ ፀጉሯን ያረግፈዋል፣ በሽታው አይተላለፍም» ብላችሁ ንገሯቸው።

ቀጥሎ ወጥ ቤቱ። ማንም ያልነገረኝ ነገር ሽታ ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ተነስታ ወደ ሽንት ቤት ትሮጥ ነበር። ያ የምትወደው ቡና ሲቆላም እንደዚያው። ስለዚህ ለቀይ ቀናት የሚሆነውን ወጥ አስቀድሜ ሠርቼ በየዕቃው ከፋፍዬ ማቀዝቀዝ ጀመርኩ። ካለቀብኝ ቁሌቱ ጎረቤት ቤት ይቁላላል፤ ጎረቤታችን ገና ድስቱን ይዤ ስመጣ ሲያዩ በሩን ይከፍቱልኛል። ለታማሚው ከትኩስ ይልቅ ለብ ያለ ወይም የቀዘቀዘ ምግብ ይሻላል፣ ሽታው ያንሳል። አጥሚት፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል። በትልቅ ሳህን ሦስቴ ከማቅረብ በትንሽ ሳህን ስድስቴ አቅርቡ። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆዩ።

ጾም ሲገባ ባለቤቴ እንቁላሉን እምቢ አለች። ስለምናት ከመዋል ወደ ንስሐ አባቷ ይዣት ሄድኩ። «መድኃኒት ላይ ነሽ፣ ብዪ» አሏት። ከእኔ ሳይሆን ከእሳቸው መስማቷ ነው ልቧን ያሳረፈው። ጸበልም አልከለከልናትም፤ ግን የኬሞ ቀን አይዘለልም ብለን ተስማማን። ሰው የሚያመጣውን ሥራሥርና ቅጠል ግን ለሐኪሟ ሳናሳይ አላስቀመስናትም። ከኬሞው ጋር የሚጣላ አለ።

ኬሞ ከተወሰደ በኋላ ለ48 ሰዓት ያህል ቅሪቱ በሽንትና በትውከት ይወጣል። ስታጸዱ ጓንት አድርጉ፤ የቆሸሸ ልብስና አንሶላ ለብቻ እጠቡ። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀዩ መድኃኒት ደግሞ ሽንትን ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላል። እኔ ደም መስሎኝ በሌሊት ታክሲ ፍለጋ ወጥቻለሁ።

ከሁሉም በላይ ቴርሞሜትር ግዙ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ እስኪነጋ አትጠብቁ። ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ አትተኙ፤ ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያቆምም። ካርድ፣ የምርመራ ውጤትና ጋቢ የያዘ ቦርሳ በር ላይ ይቀመጥ። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ አፋችሁን የምትከፍቱት «ኬሞ ላይ ናት» በማለት ይሁን። እኔ አንድ ሌሊት ይህን ሳልናገር ሁለት ሰዓት ወረፋ ላይ ተቀምጠናል። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጠያቂ በረከት ነው። በቢጫ ቀን ጉንፋን ይዞት የሚመጣ ጠያቂ ግን አደጋ ነው። እህቴ ስልኩን ተረከበችና «ለቅዳሜ ይሁን» የምትለው እሷ ሆነች። «ምን ላግዝ?» ለሚል ሰው ደግሞ «ምንም» አትበሉ። «ማክሰኞ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጣልኝ» በሉ። ሰው ማገዝ ይፈልጋል፣ ግን ምን እንደሚያደርግ ይጨንቀዋል።

ስለ ገንዘብ፦ የታመመው ተቀጣሪ ከሆነ የሕመም ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጠቅላላው 6 ወር ይፈቅዳል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ያለ ክፍያ ናቸው። የሐኪም ማስረጃ አይጥፋ። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና አዲስ አበባ የምትመጡ ከሆነ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ማረፊያ ስላለው ቦታ መኖሩን ጠይቁ።

በመጨረሻ፣ ከአረንጓዴ ቀናት አንድ ሰዓት ለሁለታችሁ ቁረጡ። እኛ አመሻሽ ላይ እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግር እንሄድ ነበር። ስለ ምርመራ ውጤት ማውራት ክልክል ነው። ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች፣ ልጆቹ ምሳቸውን ጨርሰው እንደመጡ ትጠይቀኛለች።