የተበላሸውን ስዕል አትቅደዱት

እንደኔ ስዕል ለምትማሩ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። አንዳንድ ሳምንት እጃችን ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል፤ ያኔ ወረቀቱን ቀዳችሁ አትጣሉት። ከጀርባው ቀኑንና ያስቸገራችሁን ጻፉበት፣ "ዓይኑ ወደ ላይ ወጣብኝ" ብትሉ ይበቃል። ይሄ የጀማሪ ሁሉ ጣጣ ነው፤ ፊት ስንስል ግንባሩን እናሳጥረዋለን፣ ዓይን ግን የሚቀመጠው ከአናት እስከ አገጭ ካለው ርቀት መሃል አካባቢ ነው (መስታወት ፊት ቆማችሁ በእርሳስ ለኩት፣ ይገርማችኋል)። ከወር በኋላ ያንኑ ፊት፣ ወይም ያንኑ ጀበና፣ አሮጌውን ሳታዩ እንደገና ሳሉትና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጓቸው። ለውጡ ያኔ ይታያል። ስህተቱ አልታይ ካላችሁ ስዕሉን በስልክ ፎቶ አንሱና ግራ ቀኙን ገልብጡት፤ የተጣመመው ወዲያው ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ላጲስም ቀነስ አድርጉ።