የጎማ መብራት በርቶ ጎማው ሙሉ ሲመስል፦ ራንፍላት ወይስ መደበኛ ጎማ?

ጎሚስታ ነኝ። ቤቴ ባሕር ዳር፣ አባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ይህን የምጽፈው እንደ ሚኒ ኩፐርና እንደ ትንሿ ቢኤምደብሊው ያሉ ፈጣን መኪኖች ላላችሁ ነው። በእነዚህ መኪኖች አንድ ዓይነት ጥፋት እየደጋገመ ይመጣብኛል፤ እኔም ያንኑ ነገር እየደጋገምኩ አስረዳለሁ። ነፋስ ጠዋት መኪናው ሳይነዳ እንደሚለካ፣ ልኩም የሾፌሩ በር አጠገብ ከተለጠፈው ወረቀት እንጂ ጎማው ላይ ከተጻፈው ቁጥር እንደማይወሰድ የምታውቁ ናችሁና እዚያ ላይ አልቆይም።

መጀመሪያ የተገጠመላችሁን ጎማ እወቁ። ራንፍላት ማለት ጎኑ ከውስጥ በወፍራም ላስቲክ የተደገፈ፣ ነፋሱ ጨርሶ ቢወጣ እንኳ መኪናውን ተሸክሞ የሚሄድ ጎማ ነው። ምልክቱ በየፋብሪካው ይለያያል፤ ብሪጅስቶን «አር ኤፍ ቲ»፣ ሚሼሊን «ዜድ ፒ»፣ ኮንቲኔንታል «ኤስ ኤስ አር»፣ ጉድይር «አር ኦ ኤፍ» ብለው ጎኑ ላይ ይጽፉታል። «ስኮርታ ጎማዬን ሰርቀውኛል» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ አለ። አልተሰረቀም። ራንፍላት ይዞ ከፋብሪካ የወጣ መኪና ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያውም ስኮርታ የለውም።

ምልክት፦ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የጎማ መብራት በርቷል፣ ጎማው ግን በዓይን ሲታይ ሙሉ ነው

እኔ ዘንድ የሚመጣው ጣጣ አብዛኛው ከዚህ ይጀምራል። መደበኛ ጎማ ሲተነፍስ ይታወቃል። መሬት ላይ ይተኛል፣ መሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር በመስኮት ወጥቶ «ጎማህ ተንፍሷል!» ይላችኋል። ራንፍላት ግን ዝም ነው። 32 ፒ.ኤስ.አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) መሆን ያለበት ወደ 10 ቢወርድም ጎኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በእግር ቢመቱትም ያው ድንጋይ ነው። የሚነግራችሁ መብራቱ ብቻ ነው፤ እሱን ካላመናችሁ ሌላ ነጋሪ የላችሁም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱ ውስጥ ያለውን ደጋፊ ላስቲክ ያበስለዋል፤ የበሰለው ላስቲክ እየተፈረፈረ ይረግፋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከውጭ ምንም አይታይም።

የጥምቀት ማግስት የመጣ ደንበኛ አለኝ። ከጎንደር ሲመለስ ማክሰኝት ላይ መብራቱ በራ። እንፍራንዝ ላይ ወርዶ አራቱንም ጎማ ዞሮ አየ፣ በእግሩ መታ፣ «ደህና ናቸው» ብሎ ነዳ። አዲስ ዘመንን፣ ወረታን፣ ሐሙሲትን አልፎ እኔ ዘንድ ሲደርስ «ጋሼ፣ ጎማው ምንም አልሆነም፣ መብራቱ ነው የተበላሸው፤ አጥፋልኝ» አለኝ። ለካሁት፤ የኋላው ቀኝ 6 ነው። ስፈታው ከውስጡ እፍኝ ሙሉ ጥቁር ፍርፋሪ ፈሰሰ፤ የተፈጨ ቡና ይመስላል። ያበላሸው የቆርቆሮ ሚስማር ነው፤ ከጥርሱ መሃል ገብቶ ተቀምጧል። ማክሰኝት ላይ ቆሞ አስለክቶ ቢሆን ኖሮ ከውስጥ ተለጥፎ የሚድን ቀዳዳ ነበር። የዚያን ቀን ጎማው አለቀ፤ በዚያ ልክ የሚተካ ራንፍላት ከተማ ውስጥ ስላልተገኘ መኪናው ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት ቆመ።

ሁለተኛውን ታሪክ ሳስበው እስካሁን ያበሳጨኛል። አንዲት እህት ኩፐር አላት። መብራቱ በበራ ቁጥር ወደ አንድ መካኒክ ትወስደዋለች፤ እሱም ነፋስ ሳይለካ የጎማ መብራቱን ዳግም ማስጀመሪያ አዝራር ተጭኖ ያጠፋላታል። ይህ ለምን ክፉ ጥፋት እንደሆነ ልግለጽ። የጎማ መብራት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቸርኬው ውስጥ ባትሪ ያለው ሴንሰር አለው፤ ነፋሱን በቀጥታ ይለካል፣ ባትሪው ከ5 እስከ 10 ዓመት አገልግሎ ይሞታል። ሌላው በብዙ ኩፐሮች ላይ ያለው ነው፤ ነፋስ አይለካም። የተነፈሰ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከሌሎቹ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ መኪናው በፍሬኑ ሴንሰር ያንን ልዩነት አይቶ መብራት ያበራል። አዝራሩን ስትጫኑ «አሁን ያለው ልክ ነው፣ ከዚህ ተነሥተህ ቁጠር» ማለታችሁ ነው። መካኒኩ ጎማው 18 ላይ እያለ ሲጫነው መኪናው 18ን ትክክል ብሎ ያዘ። ልጅቷ ወራት ሙሉ መብራት ሳይበራባት ነዳች። የሁለቱ የፊት ጎማዎች ውስጥ ተበልቷል።

ይህ ዓይነቱ ሥርዓት አራቱም ጎማ እኩል ቀስ በቀስ ሲቀንስም አያውቅም፤ የሚያነጻጽርበት የለውምና። ስለዚህ መብራት ቢኖራችሁም መለኪያ ግዙ፣ በየሁለት ሳምንቱ በእጃችሁ ለኩ። አዝራሩ የሚጫነው ነፋሱ በልኩ ከተሞላ በኋላ ብቻ ነው። ደግሜ እላለሁ፦ ከተሞላ በኋላ! ሳይለካ የሚጫን መካኒክ ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ያገለገለ ራንፍላት የሚሸጡትንም አልምርም። አንድ ወጣት አራት ጎማ በርካሽ ገዝቶ በአውቶቡስ አስመጥቶ እንድገጥምለት አመጣ። ጎናቸው ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ባትሪ አብርቼ ውስጣቸውን ሳይ የሁለቱ ጎን ዙሪያውን እንደ ቀበቶ መስመር ተሸብሽቧል፤ አንድ ጊዜ ያለ ነፋስ የተነዱ ናቸው። ቀናቸው ደግሞ «2311» ይላል፤ የ2011 የፈረንጆች ዓመት 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። አልገጠምኩለትም። ልጁ አዘነ፤ እኔም አብሬው አዘንኩ፤ ግን በእነዚያ ጎማዎች ወደ ደብረ ታቦር እንዲነዳ ፈቅጄ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

መፍትሄው፣ በቅደም ተከተል

መብራቱ ሲበራ ፍጥነት ቀንሱ፣ ቁሙ፣ ለኩ። ጥቂት ብቻ ጎድሎ ከሆነ ሙሉና ማግስቱን ጠዋት ድጋሚ ለኩ፤ ማታና ጠዋት አየሩ ስለሚለያይ የ1 እና የ2 ልዩነት አያስደንግጣችሁ፤ በ6 ዲግሪ ገደማ ሙቀት 1 ፒ.ኤስ.አይ ይለዋወጣል። ድጋሚ ከጎደለ ሳሙና አረፋ ጥርሱ ላይ፣ ቫልቩ ላይና ጎማው ቸርኬው ላይ በሚቀመጥበት ከንፈር ዙሪያ አፍስሱ። አረፋው የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው።

ቀዳዳው ከተገኘ ጎማው መፈታት አለበት። መደበኛውን ቲዩብለስ ከውጭ ገመድ ወግተው ሲሸኙት አይቻለሁ፤ እስከ ቤት ያደርሳል። ራንፍላትን ግን ከውጭ ወግቶ የሚሸኝ ጎሚስታ ውስጡን ሳያይ ነው የሚሸኛችሁ። ተፈትቶ፣ በባትሪ ታይቶ፣ በጣት ዙሪያውን ይዳሰስ። ፍርፋሪ፣ ሽብሽባት ወይም ወደ ሰማያዊ የሄደ ቀለም ካለ አለቀ፤ አይለጠፍም። ውስጡ ንጹሕ ከሆነ፣ ቀዳዳውም ጥርሱ መሃል ሆኖ ከ6 ሚሊ ሜትር ካልሰፋ፣ ከውስጥ ይለጠፋል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ራንፍላት ጨርሶ እንዳይጠገን ስለሚያዝዙ የጎማችሁን መመሪያ እዩ። ቀዳዳው ትከሻው ወይም ጎኑ ላይ ከሆነ ማንም ቢምልላችሁ አታስለጥፉ።

የሞተውን ጎማ እኔ ደንበኛው ፊት ጎኑን በቢላ እቀደዋለሁ። ካልተቀደደ ተቀብቶ ተመልሶ ይሸጣል።

ከመነዳሪ ውስጡ አስገብተው «አሁን አይተነፍስም» የሚሉም አሉ። የተፈረፈረ ራንፍላት ውስጥ የገባ ከመነዳሪ እየተፋተገ ይሞቃል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። አታድርጉት።

ሲፈታና ሲገጠምም ተጠንቀቁ። የራንፍላት ጎን በፌሮና በመዶሻ አይታጠፍም፤ አጋዥ ክንድ ያለው ማሽን ይፈልጋል። በጉልበት የታገሉት ከንፈሩ ይቀደዳል፣ ቸርኬው ይፋቃል፣ ሴንሰር ካለውም ይሰበራል። ማለስለሻው የጎማ ሳሙና ነው፤ የሞተር ዘይት የሚቀባ ቤት ካገኛችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ምልክት፦ ከ80 በላይ ስትነዱ መሪው ይንቀጠቀጣል

ባላንስ ተሠርቶለትም መንቀጥቀጡ ካልቆመ ቸርኬው ጎብጧል። የራንፍላት ጎን ስለማይሰጥ ጉድጓድ ሲመታ ምቱ በቀጥታ ወደ ቸርኬው ይተላለፋል፤ የክረምት ጉድጓድ በውሃ ሞልቶ ሲጠብቃችሁ ደግሞ ጥልቀቱን አታውቁትም። የሚጎብጠው ብዙውን ጊዜ የውስጥ ጠርዙ ነው፤ ከውጭ ሆናችሁ አታዩትም፤ ማሽን ላይ አዙሮ ማየት ያስፈልጋል። ከጎበጠው ጠርዝ ነፋስ በቀስታ ያመልጣል፤ እንደገና ወደ ላይኛው ጣጣ ትመለሳላችሁ። ትንሽ ጉብጠት ይቃናል። የተሰነጠቀውን የአሉሚኒየም ቸርኬ በብየዳ አስጠግናችሁ ረጅም መንገድ አትውጡበት።

ምልክት፦ ኮብልስቶን ላይ መኪናው ወገብ ይሰብራል

የራንፍላት ጠባይ ነው። ግን ቀድማችሁ ለኩ፤ «ጥሩ ይንከባለል» ብሎ 40 የሚያስሞላ ሰው አለ።

ጎኑ ላይ እብጠት ከወጣ፦ ውስጥ ያለው ክር ተበጥሷል፣ ዛሬውኑ ይቀየር። ቫልቭ ከተሰነጠቀ፦ በርካሽ ይቀየራል፣ ጎማ በተፈታ ቁጥር አስቀይሩ። ጥርሱ በአንድ ወገን ብቻ ካለቀ፦ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ይሠራ።

እንግዲህ የቱን እንግጠም?

ራንፍላት አንድ ነገር በሚገባ ይሠራል። ፎገራ ሜዳ ላይ ቀጥ ባለው መንገድ በፍጥነት ስትሄዱ ጎማው በድንገት ቢተነፍስ መኪናው ከእጃችሁ አይወጣም። ማታ ብቻዋን የምትነዳ፣ ወይም ጎማ ለመቀየር አቅም የሌላቸው አባት፣ ከመኪና ሳይወርዱ ቤት ይደርሳሉ። ይህን አላቃልለውም። ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዱና መብራታችሁ በትክክል የሚሠራ ከሆነ፣ የሚተካ ጎማም አስቀድማችሁ ካስቀመጣችሁ፣ ራንፍላታችሁን ያዙ።

ለሌላው ሰው ግን ምክሬ መደበኛ ጎማና ስኮርታ ነው። ምክንያቴን በቁጥር ልንገራችሁ። አብዛኛው ራንፍላት ነፋስ ካለቀበት በኋላ የተፈቀደለት 80 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም በሰዓት ከ80 ሳያልፍ፤ መኪናው በሰውና በዕቃ ከተጫነ ያንሳል። 80 ኪሎ ሜትር የተባለው በዚያ ርቀት ውስጥ ተተኪ የሚሸጥ ሱቅ ላለበት አገር ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሃሉ ላይ ብትበሱ ወደፊትም ወደ ኋላም አይበቃም። ወረታም አዲስ ዘመንም ጎበዝ ጎሚስታዎች አሉ፤ ግን የእናንተን ልክ ራንፍላት መደርደሪያ ላይ አታገኙም። ከአዲስ አበባ ይምጣ ስትሉ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መደበኛውን ግን ቀዳዳውን ለጥፈው በሰዓት ውስጥ ይሸኟችኋል።

ስትቀይሩ አራቱንም ቀይሩ። ፊት ራንፍላት ኋላ መደበኛ የገጠመ መኪና ዝናብ ላይ ጠመዝማዛ ሲገባ ፊቱና ኋላው አንድ ዓይነት አይታዘዝም። ልኩን አትለውጡ፤ ለምሳሌ 195/55 አር 16 ከሆነ ያው ይሁን። ከልኩ ቀጥሎ ያለውን የጭነት ቁጥርም ከዋናው አታሳንሱ፤ 87 የሚለው አንድ ጎማ 545 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ለራንፍላት የተሠራው ቸርኬ መደበኛ ጎማ ይቀበላል። ተገላቢጦሹን ግን አልመክርም፤ ተራ ቸርኬ ላይ ነፋስ ያለቀበት ራንፍላት ከንፈሩ ሊወልቅ ይችላል። ከተቀየረ በኋላ ነፋሱን በልኩ ሞልታችሁ አዝራሩን ተጫኑ፤ የጎማ መብራቱ እንደ ድሮው ይሠራል።

የስኮርታ ቦታ ለሌለው መኪና ቀጭኗን ስኮርታ ሻንጣ ቤት ውስጥ በማሰሪያ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ሳትታሰር ከቀረች ፍሬን ስትይዙ ወደ ሰው ትመጣለች። እሷን ገጥማችሁ ከ80 አትለፉ። ክሪክ፣ ኪያቤና ከሲጋራ መለኮሻው የሚሠራ ትንሽ የነፋስ መሙያም ይኑራችሁ። ማሸጊያ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ለጥርስ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ከተጠቀማችሁበት አስቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ሳላውቅ ስፈታው ሴንሰሩን ሸፍኖ አገኘዋለሁ። ስኮርታ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች የያዛችሁም ይህ ይመለከታችኋል፤ የእናንተ ጎማ ብዙውን ጊዜ ራንፍላት አይደለም፣ ስኮርታ ስለሌለ ራንፍላት ነው ብላችሁ ተንፍሶ እንዳትነዱት።

የስርቆት መከላከያ ቡሎን ያላችሁ ደግሞ መክፈቻዋ መኪናው ውስጥ መኖሯን አሁኑኑ ሂዳችሁ እዩ። ባለፈው ክረምት አንድ ቤተሰብ መሸንቲ አጠገብ ስኮርታም ክሪክም ይዞ ቆሞ ነበር፤ መክፈቻዋ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ቀርታ ሦስት ሰዓት ዝናብ ላይ ጠበቁ።