«ወፌ ቆመች» ለማለት ስንቸኩል፦ ጡንቻው ላላ ያለ ሕፃን ስናሳድግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጄ አራስ ሳለ ሊጠይቀን የመጣ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይል ነበር። አያለቅስም። አይራገጥም። ያስተኙት ቦታ ይገኛል። የጎረቤታችን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሰፈሩን ሲያምሰው ስለምሰማ እኔም በልቤ እኮራ ነበር። ፈዘዝ ማለቱን ስናይ ደግሞ «የሐዋሳ ሙቀት ነው» ብለን አለፍነው።

አራት ወር ሲሞላው አንድ ቀን ብብቱን ይዤ ላነሳው ስል ሙልጭ ብሎ ሊያመልጠኝ ሆነ። ልክ ሳሙና እንደነካው ዕቃ። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

የሕፃናት ሐኪሙ ሆዱን በመዳፉ ደግፎ አየር ላይ ያዘው። እጅና እግሩ በግራና በቀኝ ተንጠለጠለ፤ እንደ እርጥብ ፎጣ። አስተኝቶ ሁለት እጆቹን ይዞ ቀስ ብሎ ቀና ሲያደርገው ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ቀረ። «ሀይፖቶኒያ ነው፤ የጡንቻ ልልነት» አለኝ። «ምን ዓይነት በሽታ ነው?» ስለው «ምልክት ነው እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ምክንያቱን እንፈልጋለን» አለ።

አሁን ሦስት ዓመት አልፎታል። ከታች ከምጽፋቸው ስህተቶች ግማሹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። ሌላውን ያልሠራሁት ሰው እጄን ስለያዘኝ ነው።

«ይደርስበታል፤ አባቱም ዘግይቶ ነው የሄደው»

ይህን ያላለኝ ዘመድ የለም። ሙሉ በሙሉ ውሸትም አይደለም። ጤነኛ ሕፃናት ያለ ድጋፍ የሚቀመጡት ከ4 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ነው። ብቻቸውን የሚሄዱት ደግሞ ከ8 ወር ገደማ እስከ 18 ወር ድረስ። ክፍተቱ ሰፊ ነው። የእገሊት ልጅ በዘጠኝ ወሯ ሄደች ማለት የእናንተ ልጅ ታሟል ማለት አይደለም። ያለ ቀኑ የተወለደ ከሆነ ደግሞ ዕድሜው የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን ነው። ሁለት ወር ቀድሞ የመጣ የስድስት ወር ልጅ እንደ አራት ወር ልጅ ይታያል። ሁለት ዓመት እስኪሞላው እንዲህ ነው የሚሰላው።

ግን ድንበር አለው። በ4 ወሩ አንገቱ ካልጠና፣ በ9 ወሩ ካልተቀመጠ፣ በ18 ወሩ ካልሄደ ሐኪም ይየው። ከዚያ በፊትም የከነከናችሁ ነገር ካለ 6፣ 10 እና 14 ሳምንት ላይ ለክትባት መሄዳችሁ አይቀርምና እዚያው ጠይቁ።

ቀጠሮ የማይጠበቅላቸውም አሉ። ይችለው የነበረውን ነገር ከተወ፣ ሲጠባ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም እንደሚሰግድ ሰው በድንገት እጥፍ ዘርጋ እያለ ከደጋገመ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። ይህ የመጨረሻው «ቁርጠት ነው» እየተባለ ይታለፋል። የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል።

መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የገባኝ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ምርመራ ሲታዘዝልን ነው። ታይሮይዱ በደንብ የማይሠራ ሕፃን እንቅልፍ ያበዛል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ለቅሶው ሻካራ ነው፣ ቢጫነቱ ቶሎ አይለቀውም። አያስቸግርም። «ጨዋ» ነው! መድኃኒቱ በየቀኑ የሚሰጥ ክኒን ነው። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተጀመረ አእምሮውን ያድናል። ከዘገየ ግን የጠፋው ሁሉ አይመለስም። በብዙ አገር ሕፃን እንደተወለደ ከተረከዙ ደም ተወስዶ ይህ ይታያል። እኛ ጠይቀን ማሠራት ነው ያለብን። የኔ ልጅ ውጤት ደህና ሆነ። እስኪነገረኝ ድረስ ግን ያ «ጨዋ ልጅ» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ሲደውል ነበር።

ስሙ እስኪታወቅ ቁጭ ማለት

ለልልነቱ መነሻ የሚሆኑ ነገሮች ብዙ ናቸው። ዳውን ሲንድረም፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ከባድ የአራስ ቢጫነት፣ ያለ ቀን መወለድ፣ ሪኬትስ (የልጆች አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ)፣ የነርቭና የጡንቻ በሽታዎች። አንዳንዱ በመልክና በደም ምርመራ ይታወቃል። አንዳንዱ ብዙ ተፈልጎም ስም አይወጣለትም። የኛ እንደዚያ ነው።

ስህተቱ መፈለጉ ላይ አይደለም። ዳውን ሲንድረም ካላቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ስላለባቸው የልብ አልትራሳውንድ የግድ ነው፤ ይህ የሚታወቀው ስሙ ሲታወቅ ነው። ችግሩ ስሙ እስኪገኝ ድረስ ፊዚዮቴራፒውን (በእንቅስቃሴ የሚሰጠውን ሕክምና) ማቆየት ነው። ባለቤቴ «መጀመሪያ አዲስ አበባ ወስደን ኤምአርአይ (የጭንቅላት ምስል) እናስነሳው» ብሎ ድርቅ አለ። ገንዘብ ስናጠራቅም ሁለት ወር ሄደ። በእነዚያ ሁለት ወራት ልጁ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ ሲያይ ከረመ።

ማፍታታት እና ወጌሻ

እናቴ ልጅ ስታጥብ ለጉድ ነው። ሳፋው ውስጥ ትነክራለች፣ ቅባት ትቀባለች፣ ከዚያ እጅና እግሩን እያጠላለፈች ትስባለች። በእግሩም ታንጠለጥላለች። እኔንም ወንድሞቼንም እንዲህ ነው ያሳደገችው። የልጁ ነገር አልሆን ሲላት «ወጌሻ ይየው፣ ጅማቱ ተሳስቦ ይሆናል» አለች። እኔ ብከራከራትም አልሰማችኝም። ታዲያ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ይዣት ሄድኩ።

ፊዚዮቴራፒስቷ የልጁን እግር ቀስ አድርጋ ወደ ጎን ከፈተችው። ያለ ምንም ትግል ፍራሹ ላይ ተነጠፈ፤ እንደ እንቁራሪት እግር። «እማማ፣ የሚፍታታው የተቋጠረ ነገር ነው። ይሄ ልጅ ድሮም ተፈትቷል» አለቻት። እናቴ ዝም አለች። ከዚያች ቀን ወዲህ ስታጥበው አትስበውም።

ነገሩ ይህ ነው፦ ጡንቻው ላላ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያውም ልል ነው። ጤነኛ ልጅ ሲሳብ ጡንቻው ይይዘዋል። የኛዎቹ የሚይዛቸው የለም። በእጅ ጎትቶ ማንሳት ክርንን ወይም ትከሻን ሊያወልቅ ይችላል። ስታነሱት መጀመሪያ ወደ ጎን አንከባሉት። አንድ እጅ ከአንገቱና ከትከሻው ሥር፣ ሌላው ከመቀመጫው ሥር ይሁን።

ጉልበት እንዲያገኝ ብሎ ማስዋጥ

ይህ ስህተት ሕይወት ያጠፋል፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ። ልልነቱ የእጅና የእግር ብቻ አይደለም። ጉንጭ፣ ምላስና ጉሮሮም ጡንቻ ናቸው። ቶሎ ይደክማሉ። ጡት ይዞ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሲጠባ ትን ይለዋል፤ ወተቱ በአፉ ጥግ ይፈሳል።

እኛ ግን ሲከሳ ስናይ ቅቤ እናውጣለን። የአብሽ ውኃ እንግታለን። አፍንጫውን ይዘን የምንግትም አለን። መዋጥ የሚያስቸግረው ልጅ የተጋተው ነገር ወደ ሳምባው ይገባል። ቅቤና ዘይት ደግሞ ሳምባ ውስጥ ከገቡ በቀላሉ አይወጡም። ደጋግሞ ሳምባ ምች የሚይዘው ከሆነ መጀመሪያ አመጋገቡን ጠርጥሩ። አንዲት ጎረቤቴ ከአሞራ ገደል፣ ከሐዋሳው የዓሣ ገበያ፣ የዓሣ ሾርባ ይዛልኝ መጣች፤ «ያጠነክረዋል» ብላ። ፍቅሯን ተቀበልኩ፣ ሾርባውን እኔ ጠጣሁት። ቀጭን ፈሳሽ ቶሎ ስለሚወርድ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ከወፍራም ምግብ ይልቅ ይከብደዋል። እሾኩን ተዉት።

የረዳን ቀላል ነገር ነው። ስናበላው ተጋድሞ ሳይሆን ቀና ብሎ፣ ጭንቅላቱ ተደግፎ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ትንሽ ዘንበል ብሎ። በትንሽ ማንኪያ። የመጀመሪያውን ሳይውጥ ሁለተኛው አይሰጥም። ምግብ የሚጀመረው በስድስት ወር ነው፤ ግን ጭንቅላቱን መቆጣጠር ያልቻለ ልጅ ከሆነ እንዴት እንደሚጀመር ሐኪሙን ጠይቁ። ክብደቱን በየወሩ አስመዝኑ።

እንጥል ነገር አለ ደግሞ። የማይጠባ፣ የሚያስመልሰው ልጅ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ይቆረጣል። የወተት ጥርሱ ሳይወጣ ድዱ ተፍቆ የሚነቀልበትም አለ። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንጂ የሚያመጣው ነገር የለም። ያልጠባው እንጥሉ ረዝሞ አልነበረም፤ ጡንቻው ደክሞት ነው።

ሳፋ፣ ትራስ፣ ዎከር

ልጁ ስድስት ወር ሲሆነው እኔ «ተቀመጠልኝ» ለማለት ጓጓሁ። ሳፋ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቄ መሃሉ ላይ ተከልኩት። ፎቶም አነሳሁት። ፎቶው ላይ ቆንጆ ተቀምጧል። ጨርቁን ብታወጡት ግን እንደ ባዶ ጆንያ ይወድቃል። የተቀመጠው ጨርቁ ነበር።

እንዲህ መደገፍ ለመብላት ያህል ምንም አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከሆነ ግን ጀርባው ይጎብጣል፣ ጡንቻውም ሥራ ፈት ይሆናል። ዎከር፣ ያ ጎማ ያለው የሕፃን መለማመጃ ወንበር፣ ደግሞ ይብሳል። ልጁ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ በእግር ጣቱ ይገፋል እንጂ ወገቡን አይጠቀምበትም። መሄድ አያፈጥንም። አደጋውም ብዙ ነው፤ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 መሸጡን ከልክላለች። እኛ ጋ ግን ልጅ የተወለደበት ቤት የሚመጣ የክብር ስጦታ ነው። ለኛም ሁለት መጡ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ያሳየችኝ ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም። ጋቢ ትጠቀልያለሽ፤ ልክ እንደ ክንድ ውፍረት። ነቅቶ ሳለ፣ ከበላ ቆየት ብሎ፣ በሆዱ ታስተኚውና ጋቢውን ከደረቱ ሥር ታደርጊዋለሽ፤ ሁለት እጆቹ ከጋቢው አልፈው ወደ ፊት። አንቺ ከፊቱ ወለሉ ላይ ትጋደሚያለሽ። ፊትሽን ለማየት ሲል ቀና ይላል። መጀመሪያ ላይ ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ አለቀሰ። በቀን ብዙ ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ ነው የሚሻለው። እኔ ሰዓት ማየት ሲሰለቸኝ ከቡና ጋር አያያዝኩት። አቦል ሲቀዳ በሆዱ፣ ቶና ሲቀዳ በጎኑ፣ በረካ ላይ እናቴ ጭን ላይ ተቀምጦ። በጀርባው ሲጋደም ደግሞ እግሩ እንዳይነጠፍ በሁለቱም ጭኖቹ በኩል የተጠቀለለ ፎጣ አደርግለታለሁ፤ እየጠበቅኩት፣ ነቅቶ ሳለ ብቻ። ለእንቅልፍ ግን በጀርባው ነው፤ ያለ ትራስ፣ ያለ ጥቅል። በሆዱ አይተኛም።

«ወፌ ቆመች» እያሉ በብብቱ ይዞ ማቆምም እዚሁ ይደመራል። ወገቡ ሳይጠና እግሩን አታስጨንቁት።

አንቀልባ እና ባጃጅ

ማዘል ክልክል አይደለም። እንዲያውም እግሩ ወገባችሁን አቅፎ ስለሚከፈት ለዳሌው ጥሩ ነው። እግሩን ቀጥ አድርጎ ግጥም አድርጎ መጠቅለሉ ነው ዳሌውን የሚጎዳው። አንገቱ እስኪጠና ግን ከኋላ አትዘሉት፤ ጭንቅላቱ ሲወድቅ አታዩም። ኮብልስቶን ላይ ባጃጅ ሲንገጫገጭ ደረታችሁ ላይ አስደግፋችሁ ጭንቅላቱን በእጃችሁ ያዙ። አገጩ ደረቱ ላይ ተደፍቶ እንዳይተኛም፤ ትንፋሹን ያፍነዋል።

ካልሲየም ከፋርማሲ

ፋርማሲ ገብቶ «ለልጄ ካልሲየም ስጡኝ» ማለት ልማድ ሆኗል። ሪኬትስ እውነተኛ ነገር ነው፤ ጡንቻ ያደክማል፣ መሄድ ያዘገያል። በአብዛኛው የሚከላከለው ግን ቫይታሚን ዲ ነው። ሐዋሳ ፀሐይ ሞልቶ ልጆቻችን ቤት ውስጥ ተሸፋፍነው ያድጋሉ። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም፤ የሚጠቅመውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ለጨቅላ በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ነው የሚመከረው። ከዚያ በላይ ሐኪም ካላዘዘ አትስጡ፤ ሲበዛ ይመርዛል።

ጠበልም መድኃኒትም

እኔ ገብርኤል ወስጄዋለሁ፤ ደስም ብሎኛል። ስህተት የሚሆነው ለጠበሉ ሲባል የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። ድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ከበፊቱ የባሰ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ሁለቱ አይጣሉም።

መደበቅ

አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ወደሚዝናናበት ወደ ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ፣ አልወረድኩም። ሰው «ስንት ወሩ ነው?» ሲለኝ ወሩን እቀንስ ነበር። ስምንት ወር የሆነውን አምስት እላለሁ። «እርጉዝ ሳለሽ ምን አግኝቶሽ ነው?» የሚሉም ነበሩ። ቡዳ ያለም አልጠፋ። እናት በዚህ ላይ ቤት ስትዘጋ ልጁ የሚያየው ሰው፣ የሚሰማው ወሬ፣ የሚያሳድደው ድመት ሁሉ ይቀርበታል። የዘገየ ልጅ ከማንም በላይ እነዚህን ይፈልጋል። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ወላጆች አዲስ አበባ ዲቦራ ፋውንዴሽን አለላቸው። እኔ ያገኘሁት ግን የፊዚዮቴራፒ ወረፋ ላይ ከጎኔ የተቀመጠችውን እናት ነው። እስካሁን እንደዋወላለን።

ባዶ እጅ ቀጠሮ መሄድ

ሐኪሙ ልጃችሁን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያውም ተኝቶ ወይ አልቅሶ። ያ ግራ የገባችሁ እንቅስቃሴ እዚያ አይመጣም። በስልካችሁ ቅረጹት፦ ሲጠባ፣ ሲነቃ፣ ለመገልበጥ ሲሞክር። የክትባት ካርዱን ያዙ። መቼ ምን እንደጀመረ በደብተር ጻፉ። ጆሮውና ዓይኑ እንዲታዩለትም ጠይቁ፤ ሲጠሩት ያልዞረው አንገቱ ስላልቻለ ይሁን ስላልሰማ በቤት አይታወቅም።

ስትቀርጹ ስልኩን ከላይ አትያዙት። ከልጁ ጎን ወለሉ ላይ አስደግፉት። ከላይ ሲቀረጽ አንገቱን ምን ያህል ቀና እንዳደረገ አይታይም።